ግልጽ ትዕዛዝ ይሰጠኝ

«ዞረህ እንዳታይ።»

ስንሻው አልዞረም። ሌላ ሰላይ ቢሆን ቢያንስ በጎን መስታወቱ ሰረቅ አድርጎ ያይ ነበር። እሱ ግን አትይ ከተባለ አያይም። አንገቱ ግትር ብሎ፣ የባለሦስት እግሩን ርክሻ መሪ ጨምድዶ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን የሰሊጥ ጆንያ ክምር አፍጥጦ ማየቱን ቀጠለ።

«ነጭ ቦክስ ፒክአፕ ነው» አለ ሙኡዝ፣ ከላስቲክ ጠርሙስ ቤንዚን ወደ ታንከሩ እያንቆረቆረ። «ሚዛኑ ጋ ቆሟል። አንዱ ወርዶ ሴቶቹን ፊታቸውን እየገለጠ ያያል።»

«እሷስ?»

«ከጀርባዬ አለች። እንደ ሱዳን ሴቶች ቶብ ተከናንባለች። ክዳኑን ስገጥም ትገባለች። ሓወይ፣ መሪውን ልትነቅለው ነው እኮ።»

«ፈርቼ ነው።»

ሙኡዝ ሳቁን ዋጠ። ከትግራይ ተሰዶ ከሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ካምፕ የሚኖር፣ በገበያው ጥግ ቤንዚን የሚቸረችር ጎልማሳ ነው። ስንሻውን «ሓወይ» ወንድሜ እያለ የሚጠራውም በዚሁ ጠባዩ ወዶት ነው። ስንሻው የሚናገረው የሚያስበውን፣ የሚያደርገውም የተናገረውን ነው። ጦርነት ላይ ጦርነት ላየ ሰው እንዲህ ያለ ጓደኛ ብርቅ ነው።

ክዳኑ ተገጠመ።

ሴትየዋ ገባች።

ሙኡዝም ከጎኗ ዘሎ ገብቶ «ያላ!» አለ። ርክሻው ተንገጫግጮ ተነሳ። የገዳሪፍ የእህል ገበያ በጥቅምት መርገጫ የለውም። ሎሪዎች አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠው፣ ተሸካሚዎች ከጆንያ ሥር ሆነው እየጮሁ፣ የአህያ ጋሪ ከሚኒባስ ጋር ይጋፋል። ስንሻው በሁለት ሎሪዎች መሀል ባለች ጠባብ ክፍተት አፈተለከ። «ያ ዙል! ዓይን የለህም?» ብሎ አንድ ተሸካሚ ጣሪያውን በቡጢ ደለቀው።

ነጩ ቦክስ ከኋላ ጥሩንባውን ለቀቀ።

ሎሪዎቹ ግን ለመልአክም መንገድ የሚለቁ አይመስሉም። መኪናው እዚያው ተቀርቅሮ ቀረ። ስንሻው በጓሮ በጓሮ ከከተማው ወጥቶ የመፋዛን መንገድ ሲይዝ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

ስንሻው እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ገዳሪፍ ውስጥ የሚታወቀው ግን በዚህ ነው፤ ከመተማ ቆላ መጥቶ ርክሻ የሚነዳ፣ ዝምተኛ ሀበሻ። ድንበር ማዶ በኢትዮጵያ በኩል ያለው የስለላ ቢሮ ደግሞ «ሚዛን» ይለዋል። ሥራው በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ የሚሻገሩትን የጎንደር ልጆች መንገድ ላይ እያፈነ የሚሸጠውን ቡድን መከታተል ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ድንገት ባለፈው ሰሞን ከአፋኞቹ ቤት አንዲት ምግብ አብሳይ አመለጠች። ፋናዬ ትባላለች። ሙኡዝ ደብቆ አቆያት፤ ስንሻውም ለአለቃው ለስማቸው ደውሎ ተናገረ።

ስማቸው የመለሰለት እንዲህ ነው። «መፋዛ አድርሳት። እዚያ ሰው ይቀበልሃል። ስታየው ታውቀዋለህ። ከዚያ ጉዳዩን በሚገባ ዝጋው።»

«ሰውየው ማነው? በምን አውቀዋለሁ? የትኛውን ጉዳይ ነው የምዘጋው? መተማስ በሌላ በኩል አይደለም እንዴ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሁሉን በማንኪያ ላጉርስህ?» ብሎ ስማቸው ዘጋው።

ያ ቢሮ እንዲህ ነው። ማን ምን እንደሚያዝ፣ ማን ለምን ከሥራ እንደተነሳ፣ ማን ምን ማወቅ እንዳለበት የሚናገር የለም። ሌሎቹ እንደ ውሻ ያሸቱታል። ስንሻው ለዚህ የሚሆን አፍንጫ አልተፈጠረለትም። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ከሚል ሕዝብ መሀል እንዲህ ያለ ሰው መወለዱ መቼም የእግዜር ቀልድ ነው። አንድ የሚጠቅመው ደንብ ብቻ ነበረ። ትዕዛዝ ያልገባው ሰላይ የጋራውን መስመር ከፍቶ «ግልጽ ትዕዛዝ ይሰጠኝ» ማለት ይችላል፤ አለቃውም ሌሎቹ እየሰሙ በግልጽ ቃል ይመልሳል። ደንቡን ማንም አይነካውም፤ መጠየቅ ሞኝ ያስብላላ! ስንሻው ግን ይጠይቅ ነበር። አንዴ «ራቅ ብለህ ተከተለው» ሲባል «ምን ያህል ራቅ?» ብሎ ቢሮውን ሁሉ አሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስማቸው «ጥያቄ ካለህ ለኔ ብቻ ደውል» አለው።

ስንሻው ጥይት ይፈራል። ከጥይት አብልጦ የሚፈራው ግን ሁሉም ገብቷቸው እሱ ብቻ ያልገባውን ነገር ነው።

ከዋናው መንገድ ገባ ብለው፣ ታጭዶ እንዲደርቅ በየቦታው ከቆመው የሰሊጥ ክምር መሀል ርክሻውን አቆሙት። አጫጆች ከሩቅ ጎንበስ ቀና ይላሉ። ስንሻው ወርዶ ለሴትየዋ ውኃ ሊሰጣት ዞረ። ቶቧን ከፊቷ ገለጥ አደረገች።

አየችው።

የውኃው ጠርሙስ ከእጇ ወደቀ።

«አንተ ነህ!» አለች፤ ድምፅዋ ተቆራርጦ። «ፍየሉን ያመጣኸው አንተ ነህ! የነሱ ሰው ነህ!» ዘላ ወርዳ ወደ ሰሊጡ ሮጠች። ሙኡዝ ደርሶ ክንዷን ያዛት፤ ነከሰችው።

ስንሻው ካለበት አልተነቃነቀም። «አዎ» አለ። «ፍየል አምጥቻለሁ።»

«ለማን?»

«አላውቅም። አረንጓዴው በር ላይ ለወጣች ሴት ገመዱን ስጥ፣ አትጠይቅ ተባልኩ። ሰጠሁ።»

«ለማን እንደሆነ ሳታውቅ?»

«ሳላውቅ።»

ፋናዬ መታገሏን ትታ አተኩራ አየችው። ውሸታም ሰው እንዲህ ያለ የሞኝ መልስ እንደማይመልስ ገባት መሰል፣ እዚያው መረሬው አፈር ላይ ቁጭ አለችና ማልቀስ ጀመረች። ስንሻውም ራቅ ብሎ ተቀመጠ። እሱም ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«እኔ የቋራ ልጅ ነኝ» አለች ቆይታ። «ሥራ አለ ብለው ነው እዚያ ቤት የከተቱኝ። ጓዳ የታጎሩት ሁሉ ያገሬ ልጆች ናቸው። ሲገረፉ እየሰማሁ ወጥ እሠራለሁ። ማን መቼ በየት እንደሚሻገር አስቀድሞ የሚነግራቸው ሰው አለ፤ ሙዲር፣ አለቃ ማለት ነው፣ ይሉታል። ፍልሰታ የተፈታ ዕለት መጣ። በቤቱ ሥጋ ሞልቷል። የእስላም ነው፣ አልነካም አለ። ያን ፍየል ራሱ ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ በስመ አብ ብሎ አረደው። ይኸን ሁሉ ቀን ጾሜ እንዴት ባልሆነ ሥጋ እፈታለሁ ይላል። ከግድግዳው ወዲያ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ እሱ ጥብሱን ይበላል። እንዲያው ወንድሜ፣ ሰው ሸጦ የሚበላ ሥጋ ይመርጣል?»

«ብታዪው ታውቂዋለሽ?»

«በጨለማም አልስተው።»

ስንሻው ፍየሉን የገዛበትን ቀን አስታወሰ። ፍየሉን ግዛ ያለው ስማቸው ነው። ያን ሰሞን ስማቸው ለቁጥጥር ብሎ ገዳሪፍ ገብቶ ነበር። ከቢሮው ሰው ሁሉ ጾም አጥብቆ የሚይዝ፣ ባዕድ አገር ሲወጣ ሥጋ ራሱ ካላረደ የማይቀምስ እሱ ነው። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለካ እውነት ነው። ይህንኑ ለሙኡዝ ነገረው።

«መፋዛ የሚጠብቀን ገዳይ ነው» አለ ሙኡዝ።

«ጋሽ ስማቸው ግደል አላሉም።»

«ሓወይ፣ እንዲህ ያለ ነገር እኮ በአፍ አይባልም።»

«ካልተባለ እንዴት ይታዘዛል?»

ሙኡዝ እጆቹን ዘረጋ። ይህን ለስንሻው ማስረዳት ለዓሣ ስለ ጥም እንደ መንገር ነው።

«እጠይቃለሁ» አለ ስንሻው በመጨረሻ። «በጋራው መስመር።»

የሱዳኑ ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ከከተማ ውጭ ስልክ አይሠራም። ከመንገዱ ዳር ያለችው መንደር ግን የሳተላይት ኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው አላት። ቀዩን ርክሻ ይዞ መንደር መግባት ደግሞ ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። ስለዚህ ስንሻውና ፋናዬ እንደ ሥራ ፈላጊ ባልና ሚስት በእግር ሊሄዱ፣ ሙኡዝ ከርክሻው ጋር ሊቆይ ተስማሙ።

«ብትዘገይስ?» አለ ሙኡዝ።

«አልዘገይም። እስክመጣ ከዚህ አትነሳ።»

«ተማም» አለ ሙኡዝ። በክምሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ።

የኢንተርኔቱ ቤት በገለባ የተከደነ ራኩባ ነው። ሰዎች በገመድ አልጋ ላይ ተጋድመው ስልካቸውን ይነካካሉ። ስንሻው ጥግ ይዞ «የሰሊጥ ዋጋ» የሚለውን የጋራ መስመር ከፈተ። በዚያ ሰዓት በመስመሩ ላይ ሦስት ሰዎች ብቻ አሉ፤ እሱ፣ ስማቸው፣ እና የመተማውን በኩል የምትመራው ዙፋን። የእሷ የምስጢር ስም «ጎተራ» ነው።

«ሚዛን ነኝ። ግልጽ ትዕዛዝ ይሰጠኝ።»

ትንሽ ቆይቶ የስማቸው ለስላሳ ድምፅ መጣ። «ለኔ ብቻ ደውል ብዬህ አልነበር?»

«ብለውኛል። ደንቡ ግን ይፈቅዳል። መፋዛ የሚቀበለኝ ሰው ስሙ ማነው?»

«ስታየው ታውቀዋለህ አልኩህ።»

«አላውቀውም። ስሙን ይንገሩኝ።»

«ሁኔታውን አይተህ ጨርሰው በቃ!»

ስንሻው በዕድሜው ሁሉ አለቃ ፊት እንዲህ ቆሞ አያውቅም። ድምፁ ግን የልማዱን ጠየቀ።

«ጨርሰው ማለት ምንድነው? ልጅቷን ግደላት ማለት ነው? ወይስ ለሚገድላት ስጣት?»

ከገመድ አልጋው ላይ አንድ ሰው ዓይኑን ገለጠ።

«የምን ልጅ?» የሴት ድምፅ ነው። «ጎተራ ነኝ። ሚዛን፣ የምን ልጅ ናት?»

«ከአፋኞቹ ቤት ያመለጠችው። አብሳይዋ። ጋሽ ስማቸው አልነገሩዎትም?»

«ማንም የነገረኝ የለም። ነጋዴው፣ ይህን ለምን አልሰማሁም?»

«ነጋዴው» የተባለው ስማቸው መስመሩን ዘጋ። ዙፋን በረጅሙ ተነፈሰች። ስንሻው እሷም ከሱ ጋር ብትሆንስ ብሎ ፈራ። ቀጥላ የተናገረችው ግን ፍርሃቱን ጋብ አደረገለት።

«ስማ፣ አንድ በአንድ ልንገርህ። መፋዛ አትሂድ። ልጅቷን ይዘህ ጋላባት ና። የድንበሩን ድልድይ ስትሻገሩ ጥቁር ጃንጥላ ይዤ እኔ ራሴ ቆሜያለሁ። ከኔ በቀር ለማንም አትስጣት። አሁኑኑ ውጣ፤ መስመሩን ስትከፍት ያለህበት ለሱም ታይቶታል። ወደ መጣህበት አትመለስ።»

ማን፣ የት፣ በምን ምልክት፣ ለማን። ስንሻው በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ተሰጥቶት አያውቅም፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ ሙኡዝ ትዝ አለው።

«ጓደኛዬ ሰሊጡ ውስጥ እየጠበቀኝ ነው። እስክመጣ አትነሳ ብዬዋለሁ። ሙኡዝ ይባላል።»

«ሙኡዝ ማነው? የኛ ሰው ነው?»

«ይረዳኛል። ጋሽ ስማቸው ያውቁታል።»

«እኔ አላውቀውም» አለች ዙፋን። «ሰው እልክለታለሁ።»

«ማንን? መቼ?»

«እናያለን። ውጣ አሁን!»

ሲወጣ በከተማው በኩል አቧራ ተነስቷል። አንድ መኪና በፍጥነት እየመጣ፣ ወደ መንደሩ ሳይደርስ ከዋናው መንገድ ታጥፎ ሰሊጡ ውስጥ ገባ። እዚያው አጠገብ አጫጆች የጫነ ሎሪ ወደ ዶካ ሊነሳ ሞተሩን አስነስቷል። ስንሻው መሀል ላይ ቆመ። ወደ ሰሊጡ አየ፣ ወደ ሎሪው አየ። ለሙኡዝ ቃል ሰጥቷል። ፋናዬ ደግሞ እጅጌውን ጨምድዳ ይዛለች። ወደ ሰሊጡ ከተመለሰ እሷም ትሞታለች፣ ጓዳ የታጎሩትም እዚያው ይቀራሉ።

ክንዷን ይዞ ወደ ሎሪው ጎተታት። እግሩ እንዴት እንደታዘዘለት አያውቅም።

ሎሪው ላይ አንዲት አጫጅ ቶቧን ተቀብላ ሻሽና ማጭድ ሰጠቻት፤ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ዶካ ሳይደርሱ ፍተሻ ላይ ቆሙ። ወታደሮቹ በመሰልቸት ስም እየጠየቁ ሳለ ነጩ ቦክስ ከኋላ ደረሰ።

አንድ ሰው ወረደ።

ሎሪው ጎን ላይ ወጥቶ ሴቶቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። ፋናዬ አንገቷን ሰብራ ማጭዱን በጨርቅ ትወለውላለች። ስንሻው ወደ ታች፣ ወደ መኪናው አየ። ጎማዎቹ ላይ የሰሊጥ አገዳ ተጠምጥሟል። አየው እንጂ ምንም አላሰበም፤ ያን ሰዓት ጭንቅላቱ ውስጥ ለፍርሃት እንጂ ለሌላ ነገር ቦታ አልነበረም።

የሰውየው ጣት ፋናዬ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አንቺ። ቀና በይ።»

ሻሹን የሰጠቻት አጫጅ ብድግ አለች። «እህቴ ናት! ወባ ይዟት ያስመልሳታል፤ ቅረብና እያት እንግዲህ!» ፋናዬም ጎንበስ ብላ አቃሰተች። ሰውየው ፊቱን አጨፍግጎ ዘሎ ወረደ። ወታደሩ «ኸላስ፣ ሂዱ» አለ።

ድልድዩን ሲሻገሩ ጥቁር ጃንጥላ የያዘች ሴት ቆማለች። ልክ እንደተባለው።

ስማቸው ለስብሰባ ተብሎ መተማ ተጠርቶ መጣ። ሊሸሽ ይችል ነበር፤ ግን በአፉ የወጣ አንድም የሚያስይዝ ቃል እንደሌለ ያውቃልና ተማምኖ ነው የመጣው። ፋናዬ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና አየችውና ግድግዳውን ይዛ «እሱ ነው» አለች። እጁን ሲያስሩት ወደ ስንሻው ዞሮ «ምን ብዬ አዘዝኩህ? እስቲ አንድ ቃል ጥቀስ!» ብሎ ጮኸ። ስንሻው አሰበ። እውነቱን ነው፤ አንድም ቃል አልነበረም። ከቀናት በኋላ ገዳሪፍ ያለው አረንጓዴ በር ተከፈተና ጓዳ የታጎሩት ልጆች ወጡ። ፋናዬም አብሯቸው ከወጣው ወንድሟ ጋር ወደ ቋራ ሄደች።

ስንሻው ዙፋንን በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃት ነበር።

«ሙኡዝ የት ነው?»

«እየተጣራ ነው» አለችው በመጨረሻው ቀን፣ የጃንጥላዋን እጀታ እያየች። «አሁን አረፍ በል። ስለ ቦታህ ደግሞ ተረጋግተን እንነጋገራለን።»

መቼ ብሎ አልጠየቀም። የሰሊጥ አገዳ የተጠመጠመበት ጎማ ፊቱ ድቅን አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ያልነገረው ነገር ገባው። እንዲህ ከሆነ ምነው ሳይገባኝ በቀረ አለ በልቡ።

በማግስቱ ከአጫጆች ጋር ተቀላቅሎ ድንበሩን መልሶ ተሻገረ። ለማንም አልተናገረም፤ ማንም አላስተዋለውም። ያ ማሳ ደርሶ ርክሻው የነበረበትን ቦታ ሲያይ መረሬው ላይ የጎማ ፈለግ ብቻ ቀርቷል። አንድ ሽማግሌ አጫጅ ማጭዱን እየሳለ ነበር።

«እዚህ ርክሻ ይዞ የተቀመጠ ሰው አይተዋል አባቴ?»

«አዬ፣ ያን ምስኪን!» አሉ ሽማግሌው። «መኪናዋን ከሩቅ አይተን ሽሽ አልነው። ሰሊጡ ይደብቅሃል፣ ና ከኛ ጋር ጎንበስ በል አልነው። እንቢ አለ። ‹ወንድሜ እስክመጣ አትነሳ ብሎኛል፤ እሱ እመጣለሁ ካለ የሚመጣ ሰው ነው፤ መጥቶ ቢያጣኝስ?› ብሎ እዚያው ቁጭ አለ።»

«ከዚያስ?»

ሽማግሌው በአገጫቸው ከማሳው ዳር ወዳለው ግራር ጠቆሙ። ከግራሩ ሥር አፈሩ ገና አዲስ ነበር። የቀበሩት ሰዎች እንጨት አመሳቅለው መስቀል ተክለውበታል፤ ስም አልጻፉበትም፣ ስሙን የሚያውቅ አልነበረማ።

ስንሻው ሄዶ ከመስቀሉ አጠገብ ተቀመጠ። «መጣሁ» አለ። ብዙ አለቀሰ፤ አጫጆቹም አልቅሶ እስኪጨርስ ትተውት ሥራቸውን ሠሩ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የማሳው ወኪል መጥቶ ሥራ ትፈልጋለህ ወይ አለው። አዎ አለ። ስምህ ማነው ሲባል እናቱ ያወጣችለትን ስም ነገረው። ወኪሉ ማጭድ ሰጠውና ከየት እንደሚጀምር፣ እስከየት እንደሚያጭድ፣ የት እንደሚከምር በጣቱ እያሳየ ነገረው። ስንሻው ሰምቶ ጨረሰና ከሰልፉ መጨረሻ ገብቶ ማጨድ ጀመረ።